የሚድነው ቫይረስና የእኛ ዝምታ

ኤች አይ ቪ ዘረመሉን በሰው ሴል ዘረመል ውስጥ ስለሚሸሽግ መድኃኒት ያፍነዋል እንጂ አይነቅለውም። ሄፓታይተስ ሲ ግን ይህ መደበቂያ የለውም፤ መባዛቱን ያስቆሙት እንደሆነ ከጉበት ተጠርጎ ይወጣል። ሶፎስቡቪር ቫይረሱ ቅጂውን ሲገነባ እንደ ሐሰተኛ ጡብ ይገባና ግንባታውን ያስቆመዋል።

ሁለቱንም ቫይረሶች የተሸከሙ ሕሙማን ለረጅም ዘመን «ለማከም አስቸጋሪ» ተብለው ቆይተዋል። የኢንተርፌሮን መርፌ 48 ሳምንታት አንገላትቶ ብዙዎቹን ሳያድን ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው፣ ካናዳንም ያካተተው ሙከራ ግን ሶፎስቡቪርንና ሌዲፓስቪርን በአንድ ክኒን ለ12 ሳምንታት ከወሰዱት 335 ሰዎች 96 በመቶው መዳናቸውን አሳየ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። በዚያ ሙከራ ጥቁር ተሳታፊዎች የዳኑት 90 በመቶ ነው፤ በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው የቫይረሱ ዓይነት 4 የነበራቸው ደግሞ ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ነበሩ። የእኛ ደም በማስረጃው ውስጥ እምብዛም የለም። ስለዚህ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች በቋንቋችን ሊጠሩን ይገባል እላለሁ።

እኛስ? በዳንፎርዝ ጎዳና ቡና ቤቶች የጉበት ነገር ሲነሳ «የወፍ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ግን ብዙ ዓመት ይዘገያል፤ ሄፓታይተስ ሲ ያለ ምልክት ጉበትን ያጠቃልና። ኤች አይ ቪ ያለበት ወገናችን በቀጣዩ ቀጠሮው የሄፓታይተስ ሲ የደም ምርመራ ይጠይቅ።