ራዲዮው ከእኛ ቀድሞ ደረሰ



በቅርቡ ከወጣቶቻችን አንዱ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ዓለማዊ ዘፈን መስማት ኃጢአት ነው? ድራማ መከታተልስ?» ጥያቄው አዲስ አይደለም፣ በየዓመቱ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ገላትያ 5ን ጠቅሰን እንሸኛቸዋለን። በዚያ ምዕራፍ ከሥጋ ሥራዎች መካከል ዘፋኝነት ተቆጥሯልና ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ዛሬ ግን እንደ ወትሮው ልንመልስለት አልደፈርንም። ስናስታውሰው የሚያሳፍረን አንድ ዘመን አለና።

አገልግሎት በጀመርንባቸው ዓመታት ኤች አይ ቪ በየሰፈሩ የለቅሶ ድንኳን ያስተክል ነበር። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሕመምተኛ ሞቱን ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። ሰው የበሽታውን ስም እንኳ አይጠራም፣ «ያ በሽታ» ይላል። ለቅሶ ቤት «ምን አግኝቶት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሳንባ ወይም ጨጓራ ነበር። የእኛም ስብከት የታወቀ ነበር፤ የኃጢአት ደመወዝ። ባሏ ያስያዛት ሚስት፣ ከእናቱ የተላለፈበት ሕፃን በዚያው ጉባኤ ተቀምጠው እንደሚሰሙን አላሰብንም።

በአጥቢያችን አንዲት እኅት ነበረች፣ የመዘምራን አባል። ለጋብቻ ስትዘጋጅ እንደ ደንባችን እርሷም እጮኛዋም የደም ምርመራ ውጤት አመጡ። ቫይረሱ በእርሷ ደም ተገኘ። ጋብቻው ቀረ። ወሬው እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ውጤቱን ያየነው ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበርን። ከዚያ ከሽማግሌዎች ጋር ተሰብስበን «ለጊዜው ትረፍ» አልን፤ እርሷም ከመዘምራን ወንበር ተነሣች። ማንም ውጪ አላላትም። ነገር ግን በጌታ እራት ቀን ጽዋው ከእርሷ ሲያልፍ፣ ቀጥለው የተቀመጡት በከንፈራቸው ሳይነኩ ሲያሳልፉት አይተናል። አይተንም ዝም ብለናል።

በ1994 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ራዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ተጀመረ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየቀረበ በ257 ክፍሎች ለሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ተላለፈ። ሰዎች ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በግልጽ እንዲነጋገሩ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የሚሰማው ሰው ግን ትምህርት ልማር ብሎ ራዲዮ አይከፍትም፤ የባለታሪኮቹ ነገር ልቡን ስለያዘው ነው። በእነዚያው ዓመታት ታዋቂ ድምፃውያን ተሰባስበው «ማለባበስ ይቅር» የሚለውን ዜማ አወጡ። በታክሲው፣ በሱቁ፣ በየቤቱ ይሰማ ነበር። እኛ ርእሱን እንኳ ሳናስተውል ዘፈን ነው ብለን አለፍነው። ወንጌል እንሰብካለን የምንለው እኛ የበሽታውን ስም ሸፋፍነን ስንናገር፣ ዘፋኞቹ መሸፋፈን ይብቃ ይሉ ነበር።

ማንበብና መጻፍ የማያውቁ አንዲት እናት በአጥቢያችን ነበሩ፣ እማማ እንበላቸው። ያን ድራማ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቡና እያፈሉ ይከታተላሉ። አንድ ቀን ያችን እኅት ቡና ጠሯት። ሰው ሁሉ እያየ በአንድ ገበታ በሉ፤ አጎረሷት፣ ከእጇም ጎረሱ። በዚያ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ እኛ ጋ ሲደርስ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሄድን። እውነቱን እንናገርና፣ የሄድነው ልናመሰግናቸው አልነበረም። ሰው እንዳይደናገጥ ጠንቀቅ ይበሉ ልንላቸው ነበር።

እማማ ቡናቸውን እየቆሉ ሰሙንና «ልጆቼ፣ የራዲዮኖቹ ሰዎች እንኳ የታመመ ይጠይቃሉ። መጽሐፉ በእናንተ እጅ ነው፤ እናንተ ስንት ቀን ሄዳችሁ አያችኋት?» አሉን።

«እማማ፣ እርሱ እኮ ልብ ወለድ ነው» አልናቸው።

«በመንገድ የወደቀውን ያነሣው ሳምራዊስ? ጌታ የተናገረው ታሪክ አይደለም እንዴ?»

ያን ዕለት ቡናውን ጠጥተን በዝምታ ወጣን። በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ስለ ምሳሌዎች አተረጓጎም ስንት ወረቀት ጽፈናል! ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ ጌታችን ፍቺ አልሰጠውም፤ ታሪክ ነገረው። ናታንም ወደ ዳዊት የገባው ሕጉን ጠቅሶ አይደለም፤ ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት በግ አወራው። ዳዊት በሌላ ሰው ላይ ፈርዶ ሲጨርስ ፍርዱ በራሱ ላይ ሆነ። ታሪክ ሰውን በዚህ መንገድ ያገኘዋል፤ ለመከላከል ሳይዘጋጅ። የእኛ ስብከት በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ያ ድራማ ግን እማማን ሁለት ዓመት ተኩል ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ አስቀመጣቸው፣ ሲነሡም ወደ ጎረቤታቸው ሄዱ።

ወደ ገላትያ እንመለስ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ዘፋኝነት ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል ኮሞስ ነው። ቃሉ በዚያ ዘመን ጠጥቶ እየጮኹ ማደርን፣ የስካርንና የዝሙትን ፈንጠዝያ ያመለክታል። በገላትያም በሮሜ 13ም ከስካር ጎን የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ክልከላው አለ፤ ዛሬም መጠጥንና የሴት ልጅን ገላ የሚሸጥ ዜማ ሞልቷልና ለልጆቻችን ይህን ሳንፈራ እንነግራቸዋለን። ዜማ ሁሉ ግን ኮሞስ አይደለም። በዚያው በአማርኛው መጽሐፍ፣ በሉቃስ 15፣ የጠፋው ልጅ በተመለሰ ቀን ታላቁ ወንድም ከአባቱ ቤት የሰማው የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ ነው። እርሱም ተቆጥቶ ደጅ ቀረ። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብከነዋል፣ በታላቁ ወንድም ቦታ ራሳችንን ያየነው ግን ከእማማ ቡና በኋላ ነው። ጳውሎስም በአቴና ለአሕዛብ ሲናገር ከገዛ ባለቅኔዎቻቸው ጠቅሷል። ከእነርሱ አንዱ ያን ስንኝ የጻፈው ስለ ዜውስ እንደነበር ጳውሎስ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለንም።

«ወንጌል የሌለበት ደግነት ምን ይረባል?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ቁም ነገር አላቸው። ዘፈን ኃጢአትን ይቅር አይልም፤ ራዲዮ ሲዘጋም ሕመምተኛዋን ሌሊት ተነሥቶ ውኃ አያጠጣትም። እማማ ያን ያደረጉት ጸሎተኛ ስለነበሩ ነው። እኛ ግን ያን ጊዜ ወንጌሉ በእጃችን፣ በራችን ደግሞ ዝግ ነበር። ደግሞስ ለሕመምተኛዋ ራሷ ምን አደረገላት? ከዓመታት በኋላ እንደነገረችን፣ «ማለባበስ ይቅር»ን በታክሲ ውስጥ የሰማች ቀን ከመውረጃዋ አልፋ ሄደች። በዚያው ሳምንት ለታላቅ ወንድሟ ነገረችው። ለእኛ ለመጋቢዎቿ ልትነግረን ግን ደፍራ አታውቅም፤ እኛም ያወቅነው ከወረቀት ነው።

በኋላ ይቅርታ ልንጠይቃት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤቷ ሄድን። ይቅር አለችን። መድኃኒቱንም ጀመረች፣ እግዚአብሔር ይመስገን እስከ ዛሬ በሕይወት አለች። ወደ መዘምራን ወንበሯ ለመመለስ ግን ሌላ አንድ ዓመት ወሰደባት። የዘገየችው እርሷ አልነበረችም፤ ከጎኗ የሚቀመጡት እስኪለምዱ ነው።

ያን ወጣት «የምትሰማውን አምጣውና አብረን እንስማው» አልነው። ስልኩን ይዞ ወደ ቢሮአችን መጣ። ዘፈኑ ስለ አንድ ብቸኛ ልጅ ነው። አንድ ሁለት ቦታ ያልወደድነው ቃል ነበረበት፣ ነገርነው። እርሱም ተከራከረን። ሲያበቃ «ይህን ስትሰማ ማን ትዝ ይልሃል?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ብሎ የአንድ ጓደኛውን ስም ጠራ፤ አባቱ ከታሰረ ወዲህ ወደ ወጣቶች ስብሰባ መምጣት የተወ ልጅ። ስሙን እኛም ከመዝገብ እናውቀዋለን፤ መቅረቱን ግን ልብ አላልንም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን ልንጠይቀው ተቀጣጥረናል።