የማስነሻ ቅንብርም የጥናት ዘዴ አካል ነው

የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የቤተ ሙከራችን የሊኑክስ ሰርቨር በራሱ ተነሣ፤ ከጀርባ ሆኖ የሙቀት ንባብ የሚመዘግበው ዲመንም «በሥራ ላይ» መሆኑን አመለከተ። ይሁን እንጂ ዲመኑ የተነሣው የውሂብ ዲስኩ ሳይያያዝ ነበር። ዲስኩ በኤፍኤስታብ ፋይል «ኖፌይል» ተብሎ በመመዝገቡ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ አልጠበቀውም። ንባቡ በባዶው ማህደር፣ ማለትም በዋናው ዲስክ ላይ ተጻፈ፤ ዘግይቶ የተያያዘው ዲስክ ደግሞ ፋይሉን ከእይታ ሸፈነው። ያገኘነው ዲስኩን ስናላቅቅ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በንባባችን ላይ የታየውን ክፍተት የሴንሰሩ ጉድለት አድርገን ተርጉመነው ነበር።

ብዙዎቻችን ለዚህ ችግር መፍትሔ ብለን በማስነሻው ላይ የ30 ሰከንድ መዘግየት እንጨምራለን (እኔም አድርጌዋለሁ)። ይህ ግምት እንጂ ቅንብር አይደለም። «አፍተር» የሚለው መስመርም ብቻውን አይበቃም፤ ቅደም ተከተልን ይወስናል እንጂ ዲስኩ ሳይያያዝ ቢቀር ዲመኑን አያግድም። «ሪኳየርስማውንትስፎር» ግን ቅደም ተከተሉንም ጥገኝነቱንም በአንድነት ይደነግጋል።

በእኔ አስተያየት፣ ስለ ሴንሰር ልኬት ማስተካከያ አንድ ሙሉ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ የአገልግሎቱን የቅንብር ፋይል በአባሪነት ሊያቀርብ፣ ሰርቨሩንም አጥፍቶ በማስነሣት ሊፈትነው ይገባል። ዲመኑን ብቻ እንደገና ማስጀመር ፈተና አይሆንም፤ ያን ጊዜ ዲስኩ አስቀድሞ ተያይዟልና።