ገንዘብ ይዞ ከአውቶቡስ መውረድ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ወደ ውጭ አገር ለሥራም ሆነ ለትምህርት የሚላኩ የመንግሥት ሠራተኞችን ስለሚመለከት አንድ ጉዳይ አሳቤን በዚህ ዓምድ እንዲያወጡልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት ለአጭር ጊዜ ትምህርት ወደ ለንደን ሄጄ ነበር። ከመነሣቴ በፊት ከአንድ የአገራችን ባንክ የውጭ ምንዛሪ የተሞላበት ካርድ ተሰጠኝ። በመጀመሪያው ቀን ካርዱን ከአውቶቡሱ በር አጠገብ ካለው መሣሪያ ላይ ባስነካው አረንጓዴ መብራት በራልኝ። በማግሥቱ ጧት ግን ቀይ በራ። ዐሥር ፓውንድ አውጥቼ ለነጂው ብዘረጋለት፥ በትሕትና ገንዘብ እንደማይቀበል ነገረኝ። በዝናብ ወረድሁ፤ የመጀመሪያው ትምህርትም አመለጠኝ።

ነገሩን ስመረምረው እንዲህ ኖሯል። የለንደን አውቶቡሶች ከሐምሌ 2014 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። በሌላ አገር የወጣ የባንክ ካርድ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን መሣሪያው የባንኩን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ተሳፋሪውን በር ላይ አያቆምም። የቀኑ ሒሳብ ተደምሮ በኋላ ከባንኩ ይጠየቃል። ባንኩ እንቢ ካለ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ካርዱ ይታገዳል። የእኔ ካርድ አስቀድሞ በምሥጢር ቍጥር ካልተሠራበት በንክኪ ለመክፈል አይፈቀድለትም ነበር። ይህን ግን ካርዱን ሲሰጠኝ ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ አልጭንም።

ከፌርማታው ላይ ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አገኘሁ። ገንዘባቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል፤ እርሳቸውም ከአውቶቡስ ወርደዋል። «ልጄ፥ የንግሥቲቱ ሥዕል ያለበት ገንዘብ ተሻረ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አልተሻረም፥ እማማ፤ አውቶቡሱ ነው የማይቀበለው» አልኋቸው። ከአንድ ሱቅ ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ ካርድ በጥሬ ገንዘብ ገዝተን አብረን ተሳፈርን። መውጫው ቅርብ ነበር፤ የሚነግራቸው ሰው ግን አላገኙም።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ሥልጣኔ ያመጣው ጣጣ ነው ይሉ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። በካርድ የሚከፍል ተሳፋሪ ዝርዝር አይፈልግም፤ ወረፋው ያጥራል፤ ነጂውም ገንዘብ ከመቍጠር ያርፋል። በቀን ውስጥ የቱንም ያህል ቢመላለስ ከተወሰነ ልክ በላይ አይከፍልም። ይህ ግን የሚሆነው ቀኑን ሙሉ በአንዱ ካርድ ብቻ የተጠቀመ እንደ ሆነ ነው። በምድር ባቡር ሲገባ ካርዱን አስነክቶ ሲወጣ ስልኩን የሚያስነካ ሰው፥ ሁለቱ አንድ ሒሳብ ቢሆኑም እንኳ፥ እንደ ሁለት ሰው ተቈጥሮ ብዙ ይከፍላል። በአንድ ካርድም ሁለት ሰው ሊሄድ አይችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ባንኮቻችን ለተጓዥ ካርድ ሲሰጡ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ አብረው ይስጡ፤ ካርዱ በንክኪ ይሠራ እንደ ሆነ፥ በውጭ አገር ሲከፈልበት ስንት እንደሚቈረጥ፥ ቢታገድ ለማን እንደሚነገር ይግለጹበት። ሁለተኛ፥ ሠራተኛ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶች ስለ አውሮፕላን ቲኬት እንደሚያስቡ ሁሉ፥ ሰውየው ካረፈበት ቤት እስከ ሥራው ቦታ እንዴት እንደሚደርስም ያስቡ። ሦስተኛ፥ ተጓዡ ራሱ በአንድ ካርድ ብቻ አይመካ።

ይህ የውጭ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በአገራችንም በስልክ መክፈል እየተለመደ ሄዷል። ነገ የከተማችን አውቶቡሶች ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም የሚሉ ከሆነ፥ አስቀድሞ በየፌርማታው አጠገብ በጥሬ ገንዘብ ካርድ የሚሞላ ሱቅ ይኑር። ገንዘብ ይዞ ከአውቶቡስ መውረድ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየሁት በባዕድ አገር ነው፤ በአገሬ ላይ በአንዲት እናት ሲደርስ ማየት አልፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ