ያልተጠየቀ ሰው እምቢ አለ አይባልም

በአሜሪካ የካንሰር ሕክምና ዙሪያ ለዓመታት ሲደጋገም የኖረ አንድ ማመካኛ አለ። ይኸውም «ሕመምተኞች፣ በተለይም ጥቁሮች፣ በክሊኒካዊ ሙከራ ለመሳተፍ ፈቃደኞች አይደሉም» የሚል ነው። ይህ አባባል ሐሰት ከመሆኑም በላይ የተቋማትን ጥፋት በታማሚው ጫንቃ ላይ የሚጭን ነው።

ማስረጃው እነሆ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከግማሽ ለሚበልጡት ሕመምተኞች በሚታከሙበት ተቋም ለሕመማቸው የሚሆን ሙከራ ጭራሹኑ የለም። በ2021 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ዕድሉ ከቀረበላቸው መካከል 55 በመቶ ያህሉ እንደተስማሙ አረጋግጧል፤ ጥቁሮቹም ከነጮቹ ያነሰ ፈቃደኝነት አላሳዩም። ታዲያ እምቢ ባዩ ማን ነው?

አብዛኛው የአሜሪካ የካንሰር ታማሚ የሚታከመው በታላላቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ሳይሆን በአካባቢው ሐኪም ዘንድ ነው። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንዲሉ፣ ይህ ሐኪም ለምርምር የማይበቃ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም የአገሪቱ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከ1983 ጀምሮ የአካባቢ ሐኪሞችን በሙከራ ሲያሳትፍ ቆይቷል፤ ከ2014 ወዲህም ሥራውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ቀጥሏል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ክርክር ውድቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቅርበት ብቻውን አይበቃም። ታሞክሲፌን የጡት ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ የፈተነውና ውጤቱ በ1998 የታተመው ሙከራ ከ13 ሺህ በላይ ሴቶችን ቢያሳትፍም፣ ከ100ው 96ቱ ነጮች ነበሩ። ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው፣ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚያስገኘው ዘረመል ከተለመደው ቁጥር በላይ እንዳላቸው አሳይቷል። ይህ ኢንዛይም ታሞክሲፌንን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶችን በሰውነት ውስጥ ይለውጣል። እኛ ባልተገኘንበት ሙከራ የተወሰነ መጠን ለእኛም ልክ ነው ብሎ መደምደም ሳይንስ ሳይሆን ግምት ነው።

ትንሹ ክሊኒክ ነርስ፣ መረጃ መዝጋቢና አስተርጓሚ እንደሚጎድለው አይካድም። መፍትሔው ግን ክሊኒኩን መተው ሳይሆን ለምርምር ከሚመደበው ገንዘብ ድርሻውን መስጠት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አማርኛ ተናጋሪ እናት የስምምነቱን ቅጽ በቋንቋዋ አንብባ፣ የምታውቀውን ሐኪም ጠይቃ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ማለት ትችል ዘንድ መብቷ ነው። መልሱ የእርሷ ነው፤ ጥያቄውን የማቅረብ ግዴታ ግን የሐኪሞቹና የተቋማቱ ነው።