የገጠሩ ቄስ መዝገብ

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው «ፋይሉ ጠፋ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ያውቃል። አንድ ፋይል ሲጠፋ የአንድ ሰው ጉዳይ ይቆማል። በአየርላንድ ግን በ1922 ዓ.ም. ለብዙ መቶ ዓመታት የተከማቸ የአገር መዝገብ በአንድ ቀን ጠፋ። ከዚያ በኋላ የተራውን ሕዝብ ስም ይዘው ከተገኙት መካከል ዋነኞቹ የገጠር ካቶሊክ ቄሶች በየደብራቸው ያኖሯቸው መዝገቦች ናቸው። (ዘመኑን የምንጽፈው፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የነገሩ ሥር የትሬንት ጉባኤ ነው። በ1563 በዚያ የተሰበሰቡት የካቶሊክ ጳጳሳት እያንዳንዱ የቁምስና ቄስ፥ ቁምስና ማለት እኛ አጥቢያ የምንለው ነው፥ የተጋቢዎቹንና የምስክሮቹን ስም፥ ጋብቻው የተፈጸመበትንም ቀንና ስፍራ በመጽሐፍ እንዲጽፍ አዘዙ። ክርስትና የሚያነሡትም ሰዎች ስማቸው እንዲጻፍ ተወሰነ። ይህን ሲያደርጉ ለታሪክ ጸሐፊ አስበው አይደለም። በሥውር ተጋብቶ ኋላ «አላውቅሽም» የሚለውን ሰው ለመያዝ፥ ደግሞም በሥጋም ሆነ በክርስትና የተዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ለመጠበቅ ነው።

ትእዛዙ በአየርላንድ ቶሎ ሥራ ላይ አልዋለም። አገሩን የሚገዛው የእንግሊዝ መንግሥት ፕሮቴስታንት ነበረና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በካቶሊኮች ላይ ከባድ ሕግ ጸንቶባቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ በምዕራቡ ገጠር ብዙዎቹ መዝገቦች የሚጀምሩት ከ1820 ወዲህ ነው። ቢሆንም የመንግሥት የልደት መዝገብ ከተቋቋመበት ከ1864 ይቀድማሉ። የተጻፉትም በእንግሊዝኛ ወይም በላቲን ነው። ጄምስ የተባለው የገበሬ ልጅ በመዝገቡ ላይ «ያኮቡስ»፥ ዊልያምም «ጉሊየልሙስ» ሆኖ ይገኛል። እናቱ በዚህ ስም ብትጣራ ዘወር ብሎ የሚያያት አይመስለኝም።

የመዝገቡ ጥቅም ጎልቶ የታየው የእርጅና ጡረታ በመጣ ጊዜ ነው። ከጥር 1909 ጀምሮ ዕድሜው 70 ዓመት ለሞላው ድሃ ሁሉ መንግሥት ጡረታ መክፈል ጀመረ። ታዲያ የልደት መዝገብ የተጀመረው በ1864 ከሆነ፥ 70 ዓመት የሞላው ሽማግሌ ከየት ምስክር ወረቀት ያምጣ? አንዳንዱ ደብሊን ከተማ በነበረው የ1841 እና የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ስሙን አስፈለገ፤ አንዳንዱ ወደ ቄሱ ሄዶ የክርስትናውን መዝገብ አስገለጠ። ይህም ያልተሳካለት በጥር 6 ቀን 1839 አገሩን ያናወጠውን የታላቁን ነፋስ ሌሊት አስታውሳለሁ እያለ ጡረታውን ጠየቀ። «በክፉ ቀን ተወለድሁ» ይሉ የነበሩትን አያቶቻችንን ያስታወሰ አንባቢ አይስቅባቸውም። በእኛም አገር የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በ1952 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ስለ ልደት መዝገብ ደንግጎ ሳለ ምዝገባው በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ስለ ሆነ፥ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ዕድሜውን ያስረዳው በክርስትና ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ቃጠሎው እንሂድ። በደብሊን ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ ውስጥ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ነበረ። ጽሕፈት ቤቱና የመዛግብቱ ግምጃ ቤት እሳት እንዳይሻገር ተብሎ ተለያይተው የተሠሩ ነበሩ። በ1870ዎቹ የወጣ ሕግ የፕሮቴስታንቶቹን የአጥቢያ መዝገቦች፥ በቂ ማስቀመጫ ያለው ቄስ ተፈቅዶለት ካልያዘ በቀር፥ ወደዚሁ እንዲገቡ አዘዘ። የካቶሊኮቹ መዝገብ ግን የመንግሥት ሰነድ ስላልነበረ የጠየቀው የለም፤ በየገጠሩ ከእርጥበትና ከአይጥ ጋር እየታገለ ቀረ።

በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ግቢው የጦር ሜዳ ሆነ። ሰኔ 30 ቀን ታላቅ ፍንዳታ ተነሥቶ ግምጃ ቤቱ ነደደ። የተቃጠለው ወረቀት እንደ ላባ በከተማው ላይ ሲዘንብ ዋለ። የ1841 እና የ1851 ቆጠራ ከጥቂት ቁራጭ በቀር አለቀ፤ በአደራ የገቡትም የፕሮቴስታንት መዝገቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፉ። (የ1861 እና የ1871 ቆጠራስ? ያንን ቀደም ብሎ ራሱ መንግሥት አስወግዶታል። መዝገብን የሚያጠፋው እሳት ብቻ አይደለም።)

ከዚህ ተነሥቶ «ወረቀት ወደ ማእከል አይግባ» የሚል ቢኖር አልስማማም። ጥፋቱ ቅጂ አለመቅረቱ ነው። ፈረንሳዮች በ1667 ባወጡት ሕግ የደብሩ መዝገብ በሁለት ተጽፎ አንዱ በደብሩ፥ አንዱ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ አድርገዋል። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የቁምስናዎቹን መዝገብ በማይክሮፊልም ያነሣው ከቃጠሎው በኋላ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው። በሐምሌ 2015 ደግሞ ከ1,000 የሚበልጡ ቁምስናዎች መዝገብ፥ 370,000 ያህል ምስል፥ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ተከፈተ። አሜሪካና አውስትራሊያ የተበተኑት የስደተኞች የልጅ ልጆች አያታቸው የተጠመቀበትን ደብር በዚህ ይፈልጋሉ።

ሆኖም አንድ ነገር አያገኙም። የገጠሩ ካቶሊክ ቄስ ጥምቀትንና ጋብቻን ይጽፍ እንጂ ቀብርን የሚጽፈው ከስንት አንድ ነበር። ከ1845 እስከ 1852 በቆየው ረሀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያልቅ በብዙው መዝገብ ላይ የሚታየው የተጠማቂው ቁጥር ማነሱ ነው። የሞቱት ሰዎች ክርስትና የተነሡበት ቀን ተጽፏል፤ የተቀበሩበት ቀን የለም።