የልብና የሳንባ አቅም ልኬት ለሻምፒዮኖች ብቻ አይደለም

በበረዶ ላይ ረጅም ርቀት የሚወዳደሩ የኖርዌይና የስዊድን ስኪ ተወዳዳሪዎች ለውድድር ሲዘጋጁ አቅማቸውን በቤተ ሙከራ ያስለካሉ። ጎማ ባለው ስኪ ሰፊ የመሮጫ ማሽን ላይ ይወጣሉ፤ አፍና አፍንጫቸውም በጭምብል ይሸፈናል። የማሽኑ ፍጥነትና ዳገት ቀስ በቀስ ይጨምራል። ስፖርተኛው መቀጠል እስኪያቅተው ድረስ የሚተነፍሰው አየር ይለካል። ውጤቱ ሰውነት በአንድ ደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለውን ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ያሳያል፤ በሙያው ቋንቋ «ቪኦቱ ማክስ» ይባላል።

ይህ ልኬት የሳንባን ጥንካሬ ብቻ የሚያሳይ አይደለም። ሳንባ ኦክስጅኑን ይስባል፤ ደም ይሸከመዋል፤ ልብ ይረጨዋል፤ ጡንቻ ደግሞ ለኃይል ያውለዋል። በጤናማ ሰው ላይ ገደቡን በአብዛኛው የሚወስነው ልብ የሚረጨው የደም መጠን ነው። የስኪ ተወዳዳሪ እግሩን፣ እጁንና ወገቡን በአንድነት ስለሚያሠራ ልቡ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ይገደዳል። ስለዚህም ከፍተኛ ውጤት ከሚመዘገብባቸው ስፖርቶች አንዱ ይኸው ነው። ስፖርት የማይሠራ ጤናማ ወጣት ወንድ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ በደቂቃ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ሲጠቀም፣ የዓለም ምርጥ ወንድ ስኪ ተወዳዳሪዎች ከ80 በላይ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 ስምንት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ ከ90 በላይ እንደነበረው ይነገራል።

ይሁንና ቁጥሩ ብቻውን ሜዳሊያ አያስገኝም። ቴክኒክ፣ ጉልበትን መቆጠብና ድካምን መቋቋም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አቅምን በአቋራጭ ለማሳደግ መሞከርም መዘዝ አለው። ቀይ የደም ሴልን በመድኃኒት ማብዛት ደምን ያወፍራል፤ የረጋ ደም የልብ ወይም የአንጎል ሥርን እንዲዘጋም ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 በፊንላንድ ላህቲ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ስድስት የአገሪቱ ስኪ ተወዳዳሪዎች የደምን ፈሳሽ ክፍል የሚያበዛ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኝቶባቸው የአገሪቱ ስፖርት ክፉኛ ተናግቷል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈችው በስኪ ተወዳዳሪው ሮቤል ተክለማርያም ነው። ለአብዛኞቻችን ግን በረዶው ሩቅ ነው። ታዲያ ይህ ልኬት ምን ያገባናል? ብዙ ያገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ አምስት ጤናማ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው ሩብ ያህል ቀነሰ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ሲመረመሩ ዕድሜ ያደረሰባቸው መቀነስ ሦስቱ ሳምንታት ካደረሱት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ50 ዓመታቸው ለስድስት ወር በመጠኑ ስፖርት ሲሠሩም አቅማቸው ከመተኛታቸው በፊት ወደነበረበት ደረጃ ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው ከእርጅና ይልቅ መቀመጥ ፈጥኖ እንደሚጎዳን፣ ጉዳቱም ሊታረም እንደሚችል ነው።

የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 የልብና የሳንባ ብቃት እንደ ደም ግፊት ሁሉ በሕክምና ወቅት ሊታይ የሚገባው የጤና ምልክት እንዲሆን አሳስቧል። እኛም ይህን እንደግፋለን። በጤና ጣቢያዎቻችን የደም ግፊትና ክብደት ሲለካ «በሳምንት ስንት ቀን በእግርዎ ይሄዳሉ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብሎ መጠየቅ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በስድስት ደቂቃ የሚኬደውን ርቀት መለካትም ቀጥ ያለ ኮሪደርና ሰዓት ካለ ይቻላል።

አንባቢያን ሦስት ነገሮችን እንዲያስተውሉ እንመክራለን። አንደኛ፣ የእጅ ሰዓትና የስልክ መተግበሪያ የሚያሳዩት ቁጥር ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የተገኘ ውጤትም አየሩ ስስ በመሆኑ በቆላ ከተገኘው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ሁለተኛ፣ እስከ መጨረሻው አቅም መሮጥ ለሁሉም አይደለም። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ እንዲሁም ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ጎልማሳ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ሦስተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እየተራመዱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ ልኩ ያ ነው።

ብቃትን ለማሻሻል ሻምፒዮን መሆን አያስፈልግም። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድ ጥሩ ጅምር ነው። የከተማ አስተዳደሮችም ለእግረኛ የሚመች መንገድና ክፍት የስፖርት ሜዳ ማዘጋጀትን እንደ ጤና አገልግሎት ሊቆጥሩት ይገባል።