ቋንቋው አንድ ከሆነ ምኑን ታስተምራላችሁ?

የሶፊያው ዩኒቨርሲቲ በኦህሪዱ ቅዱስ ክሌመንት ስም ይጠራል። ድንበር ተሻግራችሁ ሰሜን መቄዶንያ ቢቶላ ብትገቡ፣ የዚያም ዩኒቨርሲቲ የኦህሪዱ ቅዱስ ክሌመንት ነው። የስኮፕዬው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ቄርሎስና ሜቶድዮስ ይባላል፤ የቡልጋሪያው የቬሊኮ ተርኖቮም እንዲሁ። በቅዱሳኑ ስም ተስማምተዋል፤ ያልተስማሙት ቅዱሳኑ የማን እንደሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ "ስኮፕዬ ላይ ቡልጋርኛና የቡልጋሪያ ባህል ይሰጥ" ማለት እንደ ማንኛውም ኮርስ በዝምታ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ከሶፊያ እንጀምር። ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. በ1992 የመቄዶንያን ነፃነት ከሁሉም ቀድማ አወቀች። አገሩን እንጂ ቋንቋውን ግን አላወቀችም፤ "የኛው ቋንቋ ነው" ባይ ናት። በዚህ ሰበብ የሁለቱ መንግሥታት ስምምነቶች ሳይፈረሙ ዓመታት ቆዩ። "በምን ቋንቋ ተጻፈ እንበል?" ነበር ጭቅጭቁ! በ1999 የተገኘው መላ የየአገሩን ቋንቋ በየሕገ መንግሥቱ እንደተደነገገው ጠርቶ መፈረም ነው። በ2020 ደግሞ ሶፊያ የጎረቤቷን የአውሮፓ ኅብረት ድርድር ስታግድ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ቋንቋ ነበር። እገዳው የተነሳው በ2022 ነው።

ታዲያ ቋንቋው አንድ ከሆነ ምኑን ነው የምታስተምሩት? ሰው የአፍ መፍቻውን እንደ ባዕድ ቋንቋ ከፊደል ይጀምራል እንዴ? መምህርና መዝገበ ቃላት ስትልኩ እኮ፣ እዚያ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው እንዳለ በእጃችሁ ፈረማችሁ።

ስኮፕዬም ከጥያቄው አታመልጥም። መቄዶንኛ በ1945 ፊደሉ ተደንግጎ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ የተማረበት፣ የተጻፈበት ቋንቋ ነው። እንዲህ የቆመ ቋንቋ የጎረቤቱን ሰዋስው ምን አስፈራው? በደርግ ዘመን ሶፊያ የተማሩ የኛ ልጆች ቡልጋርኛውን አቀላጥፈው ተመለሱ እንጂ ቡልጋር ሆነው አልመጡም።

እርግጥ ነው፣ ሥጋቱ ከባዶ አልመጣም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቡልጋሪያ ጦር መቄዶንያን ሲይዝ ከወታደሩ ጋር መምህራንም ገብተዋል። በ1943 ስኮፕዬ ላይ በንጉሥ ቦሪስ ስም ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተከፍቷል። በዚያው ዓመት፣ በመጋቢት፣ የቡልጋሪያ ባለሥልጣናት ከ7,000 በላይ የመቄዶንያ አይሁዶችን ሰብስበው፣ ስኮፕዬ በሚገኝ የትምባሆ መጋዘን አጉረው፣ ወደ ትሬብሊንካ እንዲጫኑ አድርገዋል። ሶፊያ በገዛ ግዛቷ የነበሩ 48,000 ያህል አይሁዶች መትረፋቸውን ስትተርክ ትኮራለች፤ ኩራቱም ይገባታል። ግን "የቡልጋሪያ ባህል" ብሎ ስኮፕዬ ላይ ሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር የጽጌረዳ ዘይትና የእርጎ ወሬ ብቻ ይዞ ከመጣ፣ ይህን መጋዘን ዘሎ ካለፈ፣ ተማሪው ቢስቅበት አይፈረድበትም። ከባህል ትምህርት በፊት ይህ ይነገር። በስኮፕዬ ልጆች ፊት፣ በቡልጋርኛ ይነገር!

ሌላም አለ። ክርስቴ ሚሲርኮቭ በ1903 "መቄዶንኛ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ቋንቋ ይሁን" ብሎ የተሟገተበትን መጽሐፍ ያሳተመው የት ይመስላችኋል? ሶፊያ! በኋላ ዘመኑ እንደ ቡልጋር ጽፏል፤ በ1926 የሞተውም እዚያው ሶፊያ ነው። ሁለቱም አገሮች "የኛ ነው" ይሉታል፤ ሁለቱም የሚመቻቸውን ገጽ ይገልጣሉ። የስኮፕዬ ተማሪ በቡልጋርኛ የጻፈውን፣ የሶፊያ ተማሪ በመቄዶንኛ የጻፈውን ያለ አስተርጓሚና ያለ ካድሬ አንብቦ ይፍረድ እንጂ!

ስኮፕዬ ቡልጋርኛን እንደ ፈረንሳይኛ፣ እንደ ጀርመንኛ ቆጥራ በሯን ትክፈት። ሶፊያስ? ከአንድ ቢሮ በር ላይ "የመቄዶንኛ ትምህርት ክፍል" የሚል ሰሌዳ ለመስቀል መዶሻውን የሚያነሳ ሰው አላት?